ሞተሩ ጠፋ

ሞተሩ ማንገራገር ሲጀምር በላይ ፊቱን መስኮቱ ላይ ለጥፎ የእናቱን ቤት ይፈልግ ነበር። ከላይ ሲያዩት አገሩ ሌላ ሆኖበታል። ተወልዶ ያደገበት ዋንዛ በር፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚዞረው መንደር፣ ከሰማይ ሲታይ ከማንኛውም የቀወት ወረዳ መንደር አይለይም፤ እዚህም እዚያም የሣር ክዳን፣ በመካከሉ ማሽላ፣ ከማሽላው በላይ ብቅ ብቅ ያሉ የወፍ መጠበቂያ ማማዎች። ከላይ ሆኖ የቱ ቤት የማን እንደሆነ ይታወቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ነው። በላይም እስከዚያ ጠዋት ተሳፍሮ አያውቅም።

«ካፒቴን፣ ትንሽ ዝቅ ቢሉልኝ» አለ። «ያ የሚያብለጨልጨው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ይመስለኛል። የኛ ቤት ከእሱ ሥር ነው።»

አብራሪው ካፒቴን ሰይፉ ሳቅ አለ። «ሚስትህን ልታሳየኝ ነው?»

«እናቴን ነው።»

«እንግዲያማ ዝቅ ማለት አለብን» አለና የነዳጁን እጀታ መለስ አድርጎ አውሮፕላኗን ወደ ቆርቆሮው አዘነበላት።

ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። ኦጋዴን በጦርነት ይነዳል፤ ከተሞቹም ማታ ማታ በተኩስ ይናጣሉ። የቀወት ገበሬ ግን ያን ሰሞን የሚያወራው ስለ ግሪሳ ወፍ ነበር። ግሪሳው ከአዋሽ በኩል ሰማዩን ሸፍኖ መጥቶ እሸት ማሽላው ላይ ሰፍሯል፤ ወንጭፍም ጅራፍም አልመልስ ብሎታል። መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን ከመላኩ በፊት ወፉ የት እንደሚያድር ይታይ ተባለና አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ታዘዘች። አገሩን የሚያውቅ መሪ ሲፈለግ ደግሞ የወረዳው የግብርና ሠራተኛ በላይ በላንድሮቨር ኮምቦልቻ ድረስ ተወሰደ። ከዚያ ተነሥተው፣ ካራቆሬን አልፈው፣ ሸዋ ሮቢትን አቋርጠው፣ እስከ ደብረ ሲና ገደል ጫፍ ወጡ። ገደሉን ጉም ሸፍኖት ነበር። በጉሙ ውስጥ ጥቂት ቆይተው ዞሩና ወደ ቆላው መውረድ ጀመሩ። የመመለሻ መንገዳቸው ወደ ሰሜን ነው። ወደ ምሥራቅ ያዞራቸው የበላይ አፍ እንጂ የግሪሳ ወፍ አልነበረም።

ነገሩን በሆዱ ይዞት ነው የሰነበተው። እናቱ እትዬ ዘነበች ባሏ ከሞተ በኋላ በሰው ማሳ አረም እያረመች አስተማረችው። ተምሮ ሲመለስ ሥራው ከገበሬ ጋር ጭቃ መርገጥ ሆነና መንደሩ ተሳለቀባት፤ «ለዚህ ለዚህማ እዚሁ ጭቃ ሞልቶ አልነበር?» አሏት። እንግዲህ አንድ ጊዜ በጣሪያዋ ላይ አልፎ፣ የሚቀጥለው እሑድ ሲጠይቃት «እሱ እኔ ነበርኩ» ሊላት ፈለገ። ትንሽ ነገር ናት፤ እሱ ግን ስለዚህች ነገር ሲያስብ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሞተሩ አንገራገረ፤ ደጋግሞ ተንተፋተፈ፤ ከዚያ ዝም አለ።

«ማሞቂያውን ረሳሁት» አለ ካፒቴኑ ለራሱ። አንዷን እጀታ ስቦ ጠበቀ፤ ቁልፉን አዞረ፤ ምንም የለም። የሚሰማው የነፋሱ ፉጨት ብቻ ሆነ። በላይ አውሮፕላን ሞተሩ ሲቆም ቁልቁል የሚከሰከስ ይመስለው ነበርና ዓይኑን ጨፈነ። አውሮፕላኗ ግን ቀስ እያለች እየተንሳፈፈች መውረዷን ቀጠለች።

«ሞተሩ ጠፋ» አለ ካፒቴኑ፤ ስለ ኩራዝ የሚያወራ እንጂ ስለ ነፍሱ የሚያወራ አይመስልም። «አይዞህ፣ ትንሽ ጊዜ አለን። ማሽላ ላይ ካረፍን ይገለብጠናል። ዝቅ ያለ አዝመራ የት አለ?»

በላይ ዓይኑን ገለጠ። እስካሁን አልለይ ያለው አገር ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየው፤ ቦዩ፣ ግራሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወርደው የከብት መንገድ። «በግራ፣ ከቦዩ ወዲህ» አለ። «የጋሼ ወልደማርያም ማሾ ነው። ሜዳ ነው፣ ድንጋይ የለውም።»

ካፒቴኑ ሌላ አልጠየቀም። አውሮፕላኗ የአንዱን ማማ ጫፍ ለጥቂት አልፋ መሬት ነካች፤ ዘለለች፤ ደግማ ነካች። ማሾው ጎማዋን እየያዘ አዘገያትና ቦዩ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ካፒቴን ሰይፉ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አኑሮ ጥቂት ተቀመጠ።

«ሁለት ልጆች አሉኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ።

ሕዝቡ ከየማሳው መሰብሰብ ጀምሯል። ከፊት ምንሽር ጠመንጃቸውን ወድረው የመጡት ጋሼ ወልደማርያም ነበሩ፤ የማሾው ባለቤትም፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከሰማይ የወረደ ሁሉ እንዲያዝ ትእዛዝ ነበራቸው።

«በላይ፣ አንተን አውቅሃለሁ» አሉ። «የዘነበች ልጅ ነህ። ይሄን ሰውዬ ግን አላውቀውም። የወረዳ ሰው እስኪመጣ ከዚች ግራር ሥር አይነሣም።»

«ጋሼ፣ የመንግሥት አውሮፕላን እኮ ነው። ለናንተው ማሽላ ብለን ነው የመጣነው።»

«ይሁን፤ እኔ ክፉ አልወጣኝም። ሂድና ለሚመለከተው ንገር። እኛም እስከዚያ እርጎ እናጠጣዋለን።» ዞር ብለው የተደፈጠጠውን ማሾ አዩና «ይሄንንም ኋላ እንነጋገርበታለን» አሉ።

በላይ እየሮጠ፣ ሲደክመው እየተራመደ ዋናው መንገድ ደረሰ። ከደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና አቁሞ ሮቢት ገባና በቀጥታ ወደ ስልክ ቤት ሄደ። ስልክ አገናኟ ዓለምፀሐይ አብራው የተማረች ናት፤ ላቡን አይታ ደነገጠች።

«ኮምቦልቻን አገናኚኝ።»

«የኮምቦልቻ መስመር ከትናንት ጀምሮ ተበላሽቷል። በደብረ ሲና በኩል ለአውራጃው ላስተላልፍልህ?»

«አስተላልፊ። ካፒቴን ሰይፉ ሞተሩ ጠፋበት፤ ዋንዛ በር ወርዷል፤ ቶሎ ሰው ይላክ በያቸው።»

ዓለምፀሐይ እጀታውን አሽከርክራ ጮኸች። መስመሩ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ጨው ይንጣጣል። ቃሉን ደጋግማ ነገረች፤ ደብረ ሲና ያለችው ጓደኛዋም የሰማችውን ተቀብላ ለአውራጃው አሳለፈች። መንገድ ላይ ምን እንደወደቀ የታወቀው በኋላ ነው። አውራጃው ዘንድ የደረሰው «ካፒቴን ሰይፉ ጠፋ፤ ዋንዛ በር ወርዷል፤ ቶሎ ሰው ይላክ» የሚል ነበር።

በዚያ ዘመን ሰው ጠፋ ሲባል መንገድ ሳተ ማለት አይደለም። ጫካ ገባ፣ ድንበር ተሻገረ፣ ከዳ ማለት ነው። ከካፒቴኑ መሥሪያ ቤት አንድ አብራሪ ክረምት ላይ አውሮፕላን ይዞ እንደወጣ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ጠፋ ነው የተባለው።

በላይ ሻይ ቤት ተቀምጦ መልስ ሲጠብቅ የወረዳው ካድሬ ጓድ ብርሃኑ ታጣቂዎች አሳፍሮ መጣ። ወረደና አቀፈው።

«ጓድ በላይ፣ ኮርተንብሃል» አለው።

በላይ በሕይወት በመትረፉ የተደሰተለት መስሎት አመሰገነ። ነገሩ የገባው መኪናው ውስጥ ነው። ጓድ ብርሃኑ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ «ሽጉጥ ነበረው?» ሲል ጠየቀው። «ወደ ምሥራቅ ሲዞር ምን አለህ? ከዚያ አዋሽ ነው፣ ከአዋሽ ወዲያ ጅቡቲ ነው።»

«ጓድ፣ የጠፋው እኮ ሞተሩ ነው።»

«እሱንም እናየዋለን።»

ግራሩ ሥር ሲደርሱ ካፒቴን ሰይፉ የእርጎውን ቅል እንደያዘ ተነሣ። ማስረዳት የጀመረው ረድኤት የመጣለት መስሎት ነበር። ደብረ ሲና ላይ ያለፉበት ጉም ቀዝቃዛና እርጥብ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ አየር ሲገባ ነዳጅና አየር በሚቀላቀሉበት ጉሮሮ ውስጥ በረዶ እንደሚሠራ፣ በረዶውም ሞተሩን አፍኖ እንደሚያጠፋው ተናገረ። «ማሞቂያውን በጊዜው ብስበው ኖሮ አይደርስም ነበር» አለ። «ዓይኔን ወደ መሬት አድርጌ ዘገየሁ።»

«በረዶ» አለ ጓድ ብርሃኑ።

«አዎ።»

«በሮቢት።»

ገበሬዎቹ ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ በዚያ ቆላ የወንዝ ውሃ እንኳ ለብ ብሎ ነው የሚጠጣው። ጓድ ብርሃኑ በረዶውን እንዲያሳየው ጠየቀ። ካፒቴኑ እንደቀለጠ ነገረው።

«እንግዲያው አስነሣው።»

አውሮፕላኗ ፊት ለፊት ታጣቂ አቆሙና ካፒቴኑን አስገቡት። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ጮኸ፤ ማሾው በነፋሱ ተኛ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዙ። በላይ ሞተሩ ስለተነሣለት ፊቱ የጠቆረ አብራሪ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጠፋ የተባለው ይሄ ነው?» አለ ጓድ ብርሃኑ ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ። «የጠፋኸውስ አንተ ነህ።» የፊጥኝ አሰሩት። ካፒቴን ሰይፉ ወደ መኪናው ሲሄድ በላይን አንድ ጊዜ አየው፤ ግን ምንም አልጠየቀውም።

ያ አለመጠየቁ በላይን አንገበገበው። ወደ ሮቢት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ያሰበው ይህንኑ ነው። በረዶውን ያመጣው እግዜር ነው እንበል። ጠፋ የሚለውን ቃል ያመጣው ግን የእሱ አፍ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ያዞራቸውም የእሱ አፍ ነው። ሰውዬው ዓይኑን ወደ መሬት ያደረገውም የሰው እናት ቤት ሲፈልግ ነው። አሁን ደግሞ ከእሱ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ሆነ። ዝም ካለ ከሀዲ ያስያዘ ጀግና ነው፤ ስሙ በስብሰባ ይጠራል፤ እትዬ ዘነበችም የጀግና እናት ትባላለች። በጣሪያዋ ላይ ከማለፍ የበለጠ ክብር ነው። ይህን ሲያስብ ትንሽ ደስ እንዳለው ታወቀውና በራሱ አፈረ።

ስልክ ቤቱ ሲደርሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ጓድ ብርሃኑ ለአውራጃው ሪፖርቱን አሰማና «ጓድ በላይ ራሱ ያነጋግርዎት» ብሎ መነጋገሪያውን ሰጠው። ዓለምፀሐይ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ጓድ በላይ፣ ጥሩ ሠርተሃል» አለ የአውራጃው ሰው ድምፅ ከሩቅ። «በዝርዝር ንገረኝ እስቲ።»

«ጓድ፣ ሰውዬው ንጹሕ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ? አይሰማም።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከመስመሩ ወዲያ ሳቅ ተሰማ። «ሞተሩን አንተ ነህ ያጠፋኸው? በአየር ላይ እንዳለ? ይሄማ ከጀግንነትም በላይ ነው።»

ጓድ ብርሃኑም አጠገቡ ሆኖ ሰምቶ አፉን ከፈተ። በላይን ላብ አጠመቀው። አማርኛው ተነሥቶበታል። ጠፋ ብሎ ሰውዬውን ከሀዲ አደረገው፤ አጠፋሁ ብሎ ጥፋቱን ሲናገር ደግሞ ራሱን ጀግና አደረገ። ከዚህች ቃል ጋር እስካለ ድረስ ምንም ቢል ወደማይፈልገው ቦታ ትወስደዋለች። ሌላ ቃል መፈለግ ነበረበት፤ ያለው ደግሞ የሚያሳፍረው ብቻ ነው።

መስመሩ ይባስ መንጣጣት ጀመረ። በላይ መነጋገሪያውን አኖረና ወደ ዓለምፀሐይ ዞረ።

«አንቺ ንገሪያቸው። ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እናቴን ላያት ብዬ ነው በያቸው።»

ዓለምፀሐይ ቀና ብላ አየችው። «ይሄን ልበል?»

«በይ። አንድም ቃል እንዳትጥዪ።»

እሷም አፏን ለመነጋገሪያው አስጠግታ አለች። ቃሉን አንድ በአንድ፣ እያረፈች ነው ያለችው። በላይ የእናቱ ነገር ለማያውቀው ሰው ጆሮ እንደዚያ ሲነገር ሲሰማ ፊቱ ነደደ።

«የካፒቴኑ መንገድ ወደ ሰሜን ነበር በይ። ቤታችንን እንይ ብዬ ለመንኩት። ቤታችንን ስንፈልግ ሞተሩ ቆመ። ቆመ ነው የምትዪው። ካፒቴኑም ወደ የትም ሊሄድ አልነበረም።»

አለች። አዳመጠች። «በመንግሥት ነዳጅ እናቱን ሊያይ ነው ወይ ይላሉ።»

«አዎ በይ።»

«እንዲህ ማለቱ ምን እንደሚያመጣበት ያውቃል ወይ ይላሉ።»

«ያውቃል በይ።»

ጓድ ብርሃኑ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው። አልተቆጣም፤ ሠርግ ደግሶ ሙሽራው የጠፋበት ሰው ነበር የሚመስለው። «ምን ነካህ በላይ?» አለው፤ ጓድ ማለቱን ትቶ። «ዝም ማለት እኮ ነበር።»

«አቃተኝ» አለ በላይ።

መልሱ የመጣው ከራት በኋላ ነው። አውራጃው በአዲስ አበባ በኩል የአውሮፕላኗን መሥሪያ ቤት ጠይቋል፤ የጥገና ሰዎቹ በረዶው ያለ ነገር ነው ብለዋል። ወደ ምሥራቅ ለምን እንደዞሩም አሁን ታውቋል። አብራሪው ጠባቂ አሳፍሮ በማግሥቱ ወደ ኮምቦልቻ ይመለስ፤ የግብርና ሠራተኛው የመንግሥትን ንብረት ለግል ጉዳይ በማዋል ተጠርጥሮ ታስሮ ይቆይ ተባለ። እስከመቼ እንደሚቆይ የነገረ የለም።

በላይ ያደረው ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ነው። ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ እንዲሞቅ አወጡት። ካፒቴኑ ሲነጋ ወደ ዋንዛ በር መመለሱን፣ እዚያም ጋሼ ወልደማርያምና ሰዎቻቸው ለአውሮፕላኗ መሮጫ እንዲሆን የቀረውን ማሾ ማጨዳቸውን ዘበኛው እየሳቀ ነገረው፤ ማሾው ገና እንዳልደረሰም ነገረው። ጥቂት ቆይቶ እናቱ በሶና ቋንጣ በአገልግል ይዛ መጣች። ሌሊት ነው የተነሣችው፤ እግሯ አቧራ ለብሷል።

«ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«የመንግሥት ነዳጅ አባከንኩ እማዬ።»

«ነዳጅ ደግሞ ለምንህ?» አለች። ኩራዙንም ምድጃውንም በልቧ ፈትሻ መልሱን አላገኘችውም።

ሊነግራት አፉን ሲከፍት የሞተር ድምፅ መጣ። እትዬ ዘነበች አገልግሏን ጥላ ክንዱን ያዘችና ወደ ግድግዳው ጎተተችው። «ግባ፣ አውሮፕላን ነው፤ ዝቅ በል» አለችው። «ትናንትም በቤታችን አጠገብ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ ከጎታው ኋላ ነው የተደበቅሁት። ጦሩ እኛም ዘንድ መጣ ብዬ ምድር ዞረብኝ። እመቤቴ ናት ያወጣችን።»

በላይ ሳቁ መጣበት፤ ወዲያው ግን ዓይኑን በእጁ መዳፍ ጠረገ። ትናንት ከሰማይ ሆኖ እነዚያን ማማዎችና የሣር ክዳኖች ሲያይ እሷ ከጎታ ኋላ ነበረች። ድምፁ እየቀረበ መጣ። አላንገራገረም፤ ሙሉ ነበር።

«አትፍሪ እማዬ» አላት፤ ክንዱን የያዘችበትን እጇን በእጁ ሸፍኖ። «የሚያበረው ሰይፉ የሚባል ሰው ነው። ወደ ልጆቹ እየሄደ ነው።»

እትዬ ዘነበች ጥቂት አመነታች። ከዚያ ከግድግዳው ለቀቅ ብላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀና አለች።